በውሃ የተሞላችው ጀልባ

«እሷን ከዚህ ግቢ ካላወጣሃት፣ እኔ እወጣለሁ!»

«የት ልትሄጂ?»

«እናቴ ቤት!»

«እናትሽ አንቺን መልሰው ከሚቀበሉ እሷን ቢቀበሉ ይሻላቸዋል። እሷ ቢያንስ ዝም ትላለች።»

ይህን የሰማሁት ከግድግዳ ወዲያ ነው። ድሮ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የባለቤቴ ወላጆች ቤት የሄድኩ ቀን። ሳሎን ብቻዬን አስቀምጠውኝ፣ ጉልበቴን ገጥሜ፣ ስኒው እንዳይንኳኳብኝ ሻዩን እየፈራሁት ተቀምጫለሁ። ከዚያ በኋላ የተባባሉት ግማሹ ጠፍቶብኛል። «ሰው ምን ይላል» የሚል ነበረበት። «ካንቺ በፊት ነው የማውቃት» የሚልም ነበረበት መሰለኝ፤ ወይም እኔው ቆይቼ የጨመርኩት ይሆናል። ብቻ ላብ አጠመቀኝ። የመጣሁበት ቤት አባወራው ሌላ ሴት ጓሮ ያስቀመጠበት ቤት ነው ብዬ «አምላኬ፣ ከዚህ በሰላም አውጣኝ» አልኩ በልቤ።

ስትሸኘኝ፣ ያኔ ገና ለስሙ እንኳን እጮኛዬ ያልነበረችው ባለቤቴ በጓሮ በኩል አሳለፈችኝና በሸራ የተሸፈነ አንድ ትልቅ ነገር አሳየችኝ። «የአባዬ ጀልባ ናት» አለችኝ። «እማዬ አንድ ቀን ታቃጥላታለች።» አሉሚኒየም እንዲህ በቀላሉ እንደማይቃጠል ልነግራት አማረኝ፤ የመጀመሪያ ቀን ስለሆነ ተውኩት።

አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሐይቅ ላይ ሰው ሲያመላልሱ የኖሩ ጀልባ ነጂ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ካፒቴን ይላቸዋል፤ ሚስታቸው እንኳን ሲቆጡ ነው በስማቸው የሚጠሯቸው። ያቺን ጀልባ በወጣትነታቸው ነድተዋታል። መሥሪያ ቤቱ ትንንሾቹን ጥሎ ትልልቅ ሲገዛ፣ ለሥራቸው ምስጋና ብሎ ሰጣቸው፤ በተጎታች ጋሪ አምጥተው ጓሮ ደፏት። ከዚያ ወዲህ ተደፍታ ኖረች። ዶሮ ከሥሯ ፈልፍሏል። ልጆቼ ከሥሯ ቤት ሠርተው፣ ተጋብተው፣ ተፋትተው፣ አድገው ወጥተዋል። ሚስታቸው፣ እኛ እማማ የምንላቸው፣ ደግሞ ሆዷ ላይ ምንጣፍ እያሰጡ «ለአንድ ነገር እንኳን ትጥቀም» ይላሉ። በአርባ ዓመት ትዳር ውስጥ ግን አንድ ቀን ገብተው ተቀምጠውባት አያውቁም።

ካፒቴኑ ጡረታ ከወጡ በኋላ የሐይቁን ዳር መርገጥ ተዉ። «ተሳፋሪ ሆኜ ውሃ ላይ አልወጣም» ይላሉ። ሰው ሲጋብዛቸው ይኸው ነው መልሳቸው። መሪውን በእጃቸው ካልያዙ ውሃው ውሃ አይመስላቸውም። ጀልባዋን ስታይ አሮጌ ላሜራ ናት፤ ለእሳቸው ግን ከመሞታቸው በፊት አንድ ጊዜ መሪ ይዘው ከዳር ወደ ዳር መሄድ አለመሄዳቸው እሷ ላይ ነበር። ይህን በቃል አልነገሩኝም። ከምሳ በኋላ ወንበራቸውን ሁልጊዜ ወደ እሷ አዙረው ሲቀመጡ አይቼ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰው አሮጌ ብረት ገዢው ነው። ዝናቡ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት እማማ የተሰበረ ምድጃ ሊሸጡለት አስገቡት። ምድጃውን በእግሩ ገፋ አደረገና ዓይኑ ወደ ጓሮ ሄደ። ሸራውን ገለጥ አድርጎ በጣቱ አንጓ ቆረቆራት።

«እማማ! ይቺ እኮ ስልሳ ድስት ይወጣታል!»

ካፒቴኑ በር ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያስራሉ። «ምን ይወጣታል?» አሉ።

«ድስት! ቀልጣ!»

«አንተ ራስህ ቀልጠህ ጭልፋ ይውጣህ!» አሉና በአንድ እግር ጫማ ተነሡ።

ሰውየው ጋሪውን እየገፋ ሲሮጥ፣ እማማ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። እማማ ቀልድ ሲመጣባቸው ፊታቸው ይኮሳተራል፤ ያን ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

«በል ስማ» አሉ። «ዝናቡ ሳይገባ ውሃ ላይ ትውጣ። ካልወጣች ድስት ትሁን። ድስት ቢያንስ ያበላል።»

«እሺ» አሉ ካፒቴኑ።

«እሺ?»

«እሺ አልኩ።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንተ ቅዳሜ ከሰዓት ምን አለብህ?»

ምንም አልነበረብኝም። ሥራዬ ራዲዮና ድምፅ ማጉያ መጠገን ነው፤ መንገዱ ጫፍ ላይ አንድ ክፍል አለችኝ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም። የአጎቴን ራዲዮ ፈትቼ መግጠም ስላቃተኝ፣ እሱ ከመምጣቱ በፊት እገጥማለሁ ብዬ ስታገል የቀረሁበት ሙያ ነው። ቅዳሜ ግን ግማሽ ቀን እዘጋለሁ፤ እሑድ ደግሞ ከጸሎት በኋላ ነፃ ነኝ። ባለቤቴ ስትሰማ ሳቀች። «አንተና አባዬ? ሁለት ዝምተኞች? ጀልባዋ ናት የምታወራችሁ!»

መጀመሪያ ገለበጥናት። ከዚያ ቀለሟን ፋቅን። ሰማያዊ፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ነጭ፣ ከሥሩ ደግሞ ካፒቴኑ ራሳቸው የረሱት ቢጫ። የሽቦ ብሩሽ ይዤ ስመጣ ቀሙኝ። «ብረት አሉሚኒየም ላይ ካስነካህ፣ የማይታይ ፍርፋሪ ትቶ ይሄዳል፤ በኋላ ቆዳዋ ይበላል። እሷ ስስ ናት።» በብርጭቆ ወረቀትና በሳሙና ውሃ፣ ቀስ እያልን፣ እንደ ሕፃን አጠብናት። ኋላዋ ላይ ሞተሩ የሚታሰርበት ጣውላ እንደ ረጠበ ዳቦ በጣት ይፈርስ ነበር። ከአናጢው ጠንካራ እንጨት አስቆርጠን፣ ዘይት አጠጥተን ቀየርነው።

አብሮ መሥራት ሰውን ያሳውቃል ይባላል። እኔ ያወቅኩት ነገር ቢኖር፣ ካፒቴኑ ሥራ ላይ ሲሆኑ ሌላ ዓለም ውስጥ እንደሚገቡ ነው፤ እንዲያ መስሎኝ ነበር።

«አባባ፣ አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፉን ያቀብሉኝ?» እላለሁ።

«ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ።

እስቃለሁ፤ ተነሥቼ ቁልፉን አመጣለሁ።

ዋናው ሥራ የሪቬቱ ነበር። ያቺ ጀልባ በብየዳ የተሠራች አይደለችም፤ ላሜራዎቿን አንድ ላይ የያዛቸው ሪቬት ነው፤ ራሱ ድቡልቡል የሆነ አጭር የአሉሚኒየም ምስማር፣ በቀዳዳው ገብቶ ከወዲያ በኩል ጅራቱ ተደፍጥጦ የሚቀር። ብዙዎቹ ላልተው ነበርና አወጣናቸው። አዲስ ለመምታት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ውጭ ሆኖ በመዶሻ ይመታል። ሌላው ውስጥ ይገባና ከባድ የብረት ቁራጭ በጅራቱ ላይ አጥብቆ ይይዛል። በመካከላቸው ላሜራው አለ፤ አይተያዩም።

ካፒቴኑ የድሮውን የጀልባ ሠሪዎች ልማድ አስተማሩኝ። ያዥው አንድ ጊዜ ኳ ያደርጋል፤ «ይዣለሁ» ማለት ነው። መቺው ይመታል። ምቱ እየጠና ሲሄድ ድምፁ ይለወጣል፤ ሪቬቱ ላላ ሲል የታፈነ ነው፣ ሲጠብቅ ይጠራል። ይህን የሚለየው መቺው ነው፣ በጆሮው። ሲለየው «ጸናች!» ይላል። ያዥው ደግሞ «አሜን» ካላለ ወደሚቀጥለው አይኬድም።

«ለምን አሜን?» አልኳቸው።

«ውሃ ላይ የሚያወጣህ እሷ ናት። አሜን ሳትል ልትወጣ ነው?»

ደስ አለኝ። ወለሏን ስንሠራ ውስጧ ተኮርምቼ፣ ብረቱን በሁለት መዳፌ ይዤ፣ «ጸናች!» «አሜን!» ስንባባል፣ ያ ጓሮ የጸሎት ቦታ መሰለኝ። ባለቤቴ ልብስ ስታሰጣ «ምን ዓይነት ማኅበር ነው የገባችሁት?» ትለናለች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ በየ«ጸናች»ው መሃል «አሜን» ይላል፤ ካፒቴኑ «ያልያዘ ሰው አሜን አይልም!» ብለው ይቆጡታል።

የወለሏ ላሜራ ወፍራም ነው። ከወለሉ ጨርሰን ወደ ጎኗ ስንሄድ ላሜራው ቀጠነ። ድምፁም ቀጠነ፤ የሻይ ማንኪያ ስኒ ሲነካ ዓይነት ሆነ። እዚያ ላይ አንድ ነገር ቅር ብሎኝ ነበር። ካፒቴኑ «ጸናች!» ሲሉ ለእኔ የጠራ አልመስል እያለኝ፣ ከሥሩ አንድ ኮሽ ኮሽ የሚል ነገር እየሰማሁ፣ ምናልባት ቀጭን ላሜራ ሲመታ እንዲህ ይሆናል አልኩ። የራዲዮ ሰው ስለ ጀልባ ምን ያውቃል? ደግሞስ አማት «ጸናች» ካለ አማች «አሜን» ይላል እንጂ ምን ይላል?

«አሜን» አልኩ። አንዱን ረድፍ ሙሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

ሲያልቅ የፍተሻው ቀን መጣ። የጀልባ ፍተሻ የሚገርም ነገር ነው። ወደ ውሃ አትወስዳትም፤ ውሃውን ወደ እሷ ታመጣዋለህ። አፏን ወደ ላይ አድርገህ፣ ሆዷን በወፍራም እንጨት ደግፈህ፣ ውስጧን በውሃ ትሞላዋለህ። ውሃ የሚያስገባው ቀዳዳ ውሃ ሲያወጣ ይታያል። እሑድ ከሰዓት የውሃ ጎማ ከቧንቧ ቀጥለን ውሃውን ለቀቅነው። ልብስ ሰፊው አላስችል ብሎት አጥሩን ዞሮ መጣ።

«ካፒቴን፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጀልባ ውሃ ውስጥ ይገባል ሲባል ነው የሰማሁት። ውሃ ጀልባ ውስጥ ይገባል እንዴ?»

«አንተስ ሱሪውን ከመስጠትህ በፊት ባለቤቱን አታስለካም?»

«አስለካለሁ።»

«ይኸው ውሃውን እያስለካሁት ነው።»

ወለሉ ሞላ። ከሥሯ ተንበርክኬ በመዳፌ ዳሰስኩ፤ ደረቅ ነው። ወፍራሙ ላሜራ ላይ አንዲት ጠብታ የለም። ካፒቴኑ ጠመኔ ይዘው ይጠብቃሉ፤ የሚያፈስ ሪቬት ካለ ክብ ሊያደርጉበት። ምንም ክብ የሚያደርጉበት ስላጡ በፈገግታ የራሳቸውን ጥፍር ይቀቡ ጀመር። እማማ ሳይቀሩ ወጥተው ቆመዋል።

ውሃው ወጣ፣ ወጣና የጎኑን ረድፍ አለፈ። ያኔ ጀመረ። አንዱ ጠብ አለ። ካፒቴኑ በጠመኔ ከበቡት። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ከዚያ ክቡን ቢያከታትሉም እጃቸው አልደርስ አለ፤ ያ ረድፍ በሙሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ያንጠባጥብ ጀመር። ልብስ ሰፊው «ወንፊት…» ብሎ ጀምሮ የካፒቴኑን ፊት አየና ዋጠው።

ካፒቴኑ ጠመኔውን ኪሳቸው ከተቱ። መዳፋቸውን ወደ ፊታቸው አቅርበው አዩት፤ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን።

«እጄ አልቋል» አሉ። «ያን የብረት ሰውዬ ጥሩት።»

እማማ ደስ ይላቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። ዓመታት የለመኑት ነገር ነው። እሳቸው ግን ቧንቧውን ዘጉና «ዛሬ ሰንበት ነው፣ ብረት ገዢ አይመጣም» ብለው ወደ ቤት ገቡ።

በማግስቱ ሱቄ መጡ። እማማ ሱቄ መጥተው አያውቁም፤ ራዲዮ ሲበላሽ በልጃቸው ነው የሚልኩት። ደንበኛ የሚቀመጥባትን በርጩማ ጠርጌ አስቀመጥኳቸው። መደርደሪያዬ ላይ የተደረደሩትን ሆዳቸው የተከፈተ ራዲዮዎች ዝም ብለው አዩ።

«ሰውዬው እህል አልቀመሰም» አሉ። «እጁን ያያል። ያያል፣ ይገለብጠዋል፣ ያያል። እጅ እንዲህ በአንድ ጊዜ ያልቃል?»

«እማማ፣ እጃቸው አይመስለኝም።»

«ታዲያ?»

ሌሊቱን ሳስበው ያደርኩት ነገር ነበር። ወፍራሙ ላሜራ ለምን ያዘ፣ ቀጭኑ ለምን አፈሰሰ? መቺው አንድ፣ መዶሻው አንድ፣ ያዥው አንድ። የተለየው ድምፁ ብቻ ነው። በአፌ ልነግራቸው አልደፈርኩም። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ራዲዮ ከፈትኩና ዜና የሚያነብ ሰው አገኘሁ። ከዚያ ቀጭኑን ድምፅ የሚቀንሰውን ቁልፍ ቀስ እያልኩ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። የሰውየው ድምፅ አልጠፋም። ይሰማል፤ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ የሚያወራ መሰለ። ቃሉ አይለይም።

«ምን አለ?» አሉ እማማ።

«ምን አለ ይመስልዎታል?»

«እኔ ምን አውቄ! ያጉረመርማል እንጂ አያወራም።»

«ካፒቴኑ እንዲህ የሚሰሙ ይመስለኛል። ወፍራም ድምፅ ይሰማሉ። ቀጭኑ ነው የጠፋባቸው። ሪቬቱ ሲጠራ አይሰሙትም፤ በግምት ነው የሚያቆሙት።»

እማማ ወደ ራዲዮው ጎንበስ አሉ። ሰውየው አጉረመረመ፣ አጉረመረመ። ረጅም ጊዜ አዳመጡት። እኔም አልቸኮልኩባቸውም።

«ልጄ ስታወራው 'ድምፅሽ ደክሟል' ይላታል» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ደግሞ ስጮህ ነው የምኖረው። ስጮህ እንደምኖር ራሱ የታወቀኝ አሁን ነው።» የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉት። «ኩሽና ሆኜ አንድ ነገር እለዋለሁ፤ ዝም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ እለዋለሁ፤ 'ይመስገን'። እኔ እኮ… የጠገበኝ መስሎኝ ነበር።»

ራዲዮውን ዘጋሁት።

«አንተ ንገረው» አሉ ሲነሡ።

«እኔ? አማቴን 'አይሰሙም' ልበላቸው?»

«እኔ ብነግረው ነገር ፍለጋ ነው የሚመስለው። አንተን ያምንሃል። ከ‹አሜን› በቀር ምንም ብለኸው አታውቅማ!»

ሳምንቱን ሙሉ ከሱቅ ወደ ቤት ስመለስ ጸለይኩ። ረጅም ጸሎት አይደለም፤ «ቃል ስጠኝ» ብቻ ነው። ቃል አልተሰጠኝም። ቅዳሜ ጠዋት አንድ የድምፅ ማጉያ ፈትቼ በጣቴ ስዳስስ ግን ሌላ ነገር መጣልኝ፤ ድምፅ እኮ በእጅም ይሰማል።

ከሰዓት ስደርስ ካፒቴኑ መዶሻዎቹን በጨርቅ እየጠቀለሉ ሣጥን ውስጥ ይከታሉ። ውሃው ተደፍቷል። ጀልባዋ መደገፊያዋ ላይ እንደቆመች ናት፣ የጠመኔው ክብ እንዳለ ነው። አጠገባቸው ሄጄ ጮክ ብዬ፣ በወፍራሙ ድምፄ፣ «አባባ፣ ከመሸጧ በፊት መዶሻ መምታት ያስተምሩኝ። እርስዎ ውስጥ ገብተው ይያዙልኝ» አልኳቸው።

«ምን ሊያደርግልህ? ድስት ልትጠግንበት?»

«ሙያ አይናቅም።»

ጥቂት አጉረመረሙ፤ ግን ብረቱን አንሥተው ገቡ። አንዱን የላላ ሪቬት አውጥቼ አዲስ ከተትኩ። ከውስጥ ኳ አደረጉ። መታሁ። ሆን ብዬ ቀድሜ አቆምኩ።

«ገና ናት!» አሉ ከውስጥ። «ድገም!»

ደገምኩ። ገና ሳይጠራ እንደገና አቆምኩ።

«አትቀልድ፣ ገና ናት አልኩህ እኮ! ብረቱ መዳፌ ላይ እየዘለለ ነው። በል ምታ… ምታ… ምታ… በቃ! ጸናች!»

በዚያች ቅጽበት ለእኔም ጆሮ ጠራች። እንዲህ እያልን ስምንት ያህል መታን። አንዷን እንኳን አልሳቱም፤ እንዲያውም እኔ ከመስማቴ በፊት እሳቸው መዳፍ ላይ ይደርስ ነበር። ከዚያ ከውስጥ ድምፅ ጠፋ። ቆየት ብሎ የካፒቴኑ ራስ ከጠርዙ በላይ ብቅ አለ።

«እጄ ደህና ነው» አሉ።

«ደህና ነው አባባ።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ለምን አፈሰሰ?»

መዶሻውን አነሣሁ። አሁን ያጸናነውን አንዱን በቀስታ መታሁት፤ ከአጠገቡ ያለውን የላላውን ደግሞ መታሁት። ጠበቅኩ። ጆሯቸውን አስጠጉ። ደገምኩ፤ ይቺኛዋ፣ ያቺኛዋ። ባለቤቴ ልብስ ማስጣቷን አቁማ ቆማለች፤ ከዚያ ርቀት እሷ እንኳን ለይታዋለች።

«ያው ናቸው» አሉ ካፒቴኑ።

መዶሻውን አወረድኩ። ፊቴን አዩት። ከዚያ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ከጀልባዋ ሳይወጡ እዚያው ውስጧ ተቀመጡ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ውሃው ሲፈስ ነው ያወቅኩት።»

«ሚስቴስ ታውቃለች?»

«ሰኞ ነገርኳቸው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስማኝ» አሉ። «ጉም የገባ ቀን ውሃ ላይ ዓይን ሁለተኛ ነው። ከፊትህ የሚመጣውን ሞተር በጆሮህ ነው የምታውቀው። የሚጠራህን ሰው በጆሮህ ነው። ጆሮ የሌለው ነጂ ሰው ይገድላል። ወንድሜም ቢሆን መሪ አልሰጠውም። እንግዲህ ለሌላው የማልፈቅደውን ለራሴ ልፍቀድ? ድስት ትሁን። አሁን ያለ ቁጣ ነው የምለው።»

እውነታቸውን ነው። ያ ነው ያስቸገረኝ። እንደምንም «ጆሮ እኮ በሐኪም ይታያል አባባ፤ የመስሚያ መሣሪያ አለ፣ ትንሽ ነው» አልኩ።

«ጆሮዬ ላይ ስልክ ሰክቼ ወደብ ልግባ? እነዚያን ነጂዎች አታውቃቸውም። 'ካፒቴኑ ጉትቻ አደረገ' ይሉኛል።»

«መነጽር ያደረግህ ጊዜ ምን አሉህ?» እማማ ሻይ ይዘው ከቤት ወጥተዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላየሁም።

«ዶክተር አሉኝ።»

«እንግዲህ አሁን ደግሞ ፕሮፌሰር ይሉሃል። ምን ቀረብህ?»

ባለቤቴ ሳቋን በእርጥብ አንሶላ አፈነችው። ካፒቴኑ ግን አልሳቁም። እማማ ሻዩን ሣጥኑ ላይ አስቀመጡ፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ፣ የጀልባዋን ጠርዝ ይዘው እንደ ልጅ እግራቸውን አሻገሩና ገቡ። ከባላቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጀልባዋ ትንሽ ተወዛወዘች።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?»

«መቀመጫውን እየለካሁ። ልሳፈር አይደል?»

«አንቺ? ዛሬ ምን ተገኘ?»

«እሳፈራለሁ። ግን ብጮህ የማይሰማኝ ሰው በሚነዳው አልሳፈርም። አንተው እኮ አሁን አልክ፤ ሰው ይገድላል።»

«እንግዲህ ይኸው። አበቃ።»

«አላበቃም። ስማኝ፣ ሰውዬ።» እማማ ይህን ያሉት እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው ነው። «እኔ መጮህ ደክሞኛል። ስንት ዓመት ሙሉ የምጮኸው 'እራት ቀረበ' ነው፣ 'በሩን ዝጋ' ነው። ተጮኾ የማይነገር ነገር አለኝ። ይሄ ልብስ ሰፊ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ እየሰማ የማልነግርህ።»

«ምን?»

«ቀስ ብዬ ነዋ የምነግርህ!»

ከአጥሩ ወዲያ ኮቴ ሲርቅ ተሰማ። እኔም ዓይኔን የት እንደማደርግ ጠፋኝና፣ ሣጥኑ ውስጥ ያሉትን ሪቬቶች ትልቅ ከትንሽ መለየት ጀመርኩ። ካፒቴኑ የሚስታቸውን ፊት፣ እንደ ጉም ወቅት ውሃ፣ አጥብቀው አዩት። አንገታቸው እስከ ጆሯቸው ድረስ ቀልቷል።

«ሐኪሙ ቢያይስ፣ ጆሮዬ ላይ ብረት ሰክቶ ባይሠራስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ካልሠራ አብረን ድስት እንሆናለን። መጀመሪያ ይይህ።»

«ከሄድኩ ከእሱ ጋር ነው የምሄደው» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። «ካንቺ ጋር አይሆንም። ሐኪሙ እኔን ሲጠይቅ አንቺ ነሽ የምትመልሽለት።»

«እኔም እመጣለሁ።»

«አትመጪም።»

«አልናገርም።»

«አንቺ? አትናገሪም?»

«እግዜር ምስክሬ ነው፣ አልናገርም።»

ካፒቴኑ ወደ እኔ ዞሩ፤ እንደ ዳኛ። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለቱ አማቶቼ መሃል ገብቼ ሐሳብ ሰጠሁ። «አባባ፣ በር ላይ ወንበር አለ። እማማ እዚያ ቢቀመጡስ?» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

አሰቡበት። ሻዩን አንሥተው ፉት አሉ። ግማሹን ለሚስታቸው አቀበሉ።

«በር ላይ» አሉ።

«በር ላይ» አሉ እማማ።

«ተዘግቶ።»

«ገርበብ ብሎ።»

«እሺ፣ ገርበብ ብሎ። ማክሰኞ እሄዳለሁ።»

«ጠዋት ነው ከሰዓት?» አለች ባለቤቴ ከገመዱ ሥር፣ በዚያ በቀጭኑ ድምፅዋ። አልሰሟትም። እማማ ጎንበስ ብለው ደገሙላቸው።

«ጠዋት ነዋ» አሉ ካፒቴኑ፣ ብረቱን ከወለሉ እያነሡ። «ከሰዓት ሪቬት አለብን።»